«ደም ማነስ» መልስ ነው ወይስ ጥያቄ?



ዛሬ የምጽፈው ትንሽ ረዘም ይላል። ክፍል ውስጥ ብንሆን «ቲቸር፣ ተደውሏል!» ብላችሁ ታስቆሙኝ ነበር። እዚህ ደወል የለም። ቡናችሁን ያዙና ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት የአንድ የሥራ ባልደረባዬን ሙት ዓመት አስበን ዋልን። የሂሳብ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ቤተሰባቸው ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። እሳቸው ያስተማሯችሁ ሳልነግራችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ትክክለኛውን መልስ ጽፋችሁ ስሌቱን ካላሳያችሁ ዜሮ የሚሰጧችሁ ሰው ናቸው። «መልሱንማ ከጎንህ ካለው ልጅም ታገኘዋለህ፤ እንዴት እንደደረስክበት አሳየኝ» ይሉ ነበር።

የጋሼ ሕመም የጀመረው በድካም ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ቆመው መተንፈስ ጀመሩ። ፊታቸው ገረጣ። ወገባቸውን ሲያማቸው «ብርድ ነው» አልን። ሕክምና ሄዱ፣ ደም ተመረመሩ፣ «ደም ማነስ አለብዎት» ተባሉና የአይረን ኪኒን ይዘው መጡ። እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ ምክሬን ለገስኩ፦ ቀይ ሥር ይብሉ፣ ምስር ይብሉ፣ ጉበት ቢያገኙማ በጣም ጥሩ ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ «ጤፍ የሚበላ ሰው ደግሞ እንዴት ደም ያንሰዋል?» ብሎ የቀለደም ነበር።

ወራት አለፉ። ደማቸው አልጨመረም። የኪኒኑ ዓይነት ተለወጠ እንጂ «ለምን አነሰ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

በመጨረሻ የጠየቀችው አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ተጨማሪ የደምና የሽንት ምርመራ አዘዘች፤ ከዚያ የመቅኔ ምርመራ እንዲደረግላቸው ላከቻቸው። ውጤቱ «መልቲፕል ማይሎማ» የሚል ነበር፤ መቅኔ ውስጥ ከሚገኙ ፕላዝማ ሴል ከሚባሉ ሕዋሳት የሚነሳ የደም ካንሰር። ብዙ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም፤ ከካንሰሮች ሁሉ ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆን ነው። በዚያን ጊዜ ግን ኩላሊታቸው ተጎድቶ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። የታሪክ መምህር ሐዘን ሲገባው ምን ያደርጋል? ወደኋላ ሄዶ ያነባል። ይህ በሽታ መጀመሪያ እንዴት ታወቀ ብዬ ሳነብ ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ለንደን ነው። ቶማስ አሌክሳንደር ማክቢን የሚባል፣ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረ የተከበረ ነጋዴ ነበር። በ1844 ሴፕቴምበር ለእረፍት በወጣበት ከመሬት በታች ካለ ዋሻ ዘሎ ሲወጣ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር የተሰበረ ያህል ተሰማው። ለደቂቃዎች መንቀሳቀስ አቅቶት በሥቃይ ተኛ። ደረቱ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት አደረጉለት፤ ለጊዜው ተሻለው።

ሕመሙ ሲመለስበት ግን ሐኪሞቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ደሙን አስወጡት! አንድ ፓውንድ ያህል፣ ማለትም ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ደም ቀዱለት፤ አልቅትም አስመጠጡት። በጊዜው ይህ የታወቀ ሕክምና ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን ራሳቸውን ሲያማቸው በዋግምት ደም ያስወጡ አልነበር? ማክቢን ከዚያ በኋላ ለወራት አቅም አጣ።

አስቡት እንግዲህ። በኋላ እንደታወቀው የሰውየው መቅኔ ታሟል፤ መቅኔ ደግሞ ደም የሚሠራበት ቦታ ነው። ደም መሥሪያው እየተዘጋ ባለ ሰው ላይ ነው ያለውን ደም የቀነሱበት። ሐኪሞቹን ግን አትፍረዱባቸው። በደም ውስጥ ያሉትን ቀይ ሕዋሳት በትክክል መቁጠር የተቻለው በ1852 ነው፤ ካርል ፊሮርት በሚባል ጀርመናዊ። የማክቢን ሐኪሞች የነበራቸው ዓይናቸው ብቻ ነው።

በ1845 የጸደይ ወራት ማክቢን ከስቶ፣ ገርጥቶ፣ ፊቱና ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ዶክተር ቶማስ ዋትሰን ዘንድ ቀረበ። ዋትሰን ብረትና ኩዊኒን አዘዘለት። ልብ በሉ፤ ለገረጣ ሰው ብረት! ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ጋሼም የተሰጣቸው ያው ብረት ነው። ማክቢን ደግሞ የሚገርም መሻሻል አሳየ፤ በዚያው ዓመት በጋ ላይ ስኮትላንድ ሄዶ ተራራ ለተራራ ከጓደኞቹ እኩል ይሄድ ነበር። ሁሉም ሰው መድኃኒቱ ሠራ ብሎ ማመኑ አይቀርም። በሽታው ግን ከሥር ሥራውን አላቆመም ነበር። ኦክቶበር ላይ ሕመሙ ብሶበት ተመለሰ።

አሁን ሌላ ሐኪም ገባ፤ ዊልያም ማኪንታየር። ማክቢንን ኦክቶበር 30 ቀን 1845 አየው። እብጠቱን ሲያይ «ኩላሊት ይሆን?» ብሎ ጠረጠረና ሽንቱን መረመረ። የገጠመው ነገር በሕክምና መጽሐፎቹ ውስጥ ያልነበረ ነው።

ይህን በእንቁላል ላስረዳችሁ። እንቁላል ስትቀቅሉት ይጠጥራል። ብታቀዘቅዙት፣ እንደገና ብታሞቁት ተመልሶ ጥሬ ይሆናል? አይሆንም። በሽንት ውስጥ የሚገኘው የተለመደው ፕሮቲንም ጠባዩ እንደዚያው ነው፤ ሲሞቅ ይረጋል፣ ከረጋ በቃ ረጋ። የማክቢን ሽንት ውስጥ የነበረው ግን ሲሞቅ ይረጋል፤ የበለጠ ሲፈላ ይሟሟና ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል። እንቁላሉ ተቀቅሎ ተመልሶ ጥሬ ሆነ ማለት ነው!

ማኪንታየርና ዋትሰን ናሙናውን ሄንሪ ቤንስ ጆንስ ለሚባል ሐኪም ላኩለት። ኬሚስትሪ የሚያውቅ የ31 ዓመት ወጣት ነው። ከናሙናው ጋር ኖቬምበር 1 ቀን 1845 ከዋትሰን የተጻፈ አጭር ማስታወሻ ነበር። ሲሞቅ ምን እንደሚሆን፣ አሲድ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን፣ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን ዘርዝሮ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ ይህ ምንድን ነው?

እኔ ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ዋትሰን በለንደን ስመ ጥር ሐኪም ነበር፤ የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። አንድ ስም ሰጥቶ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን የማያውቀውን ነገር ለታናሹ ልኮ «ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ማክቢን መልሱን ሳይሰማ በ1846 ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ሞተ። በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምክንያት ፕሮቲን በሽንቱ በመውጣቱ ምክንያት ከስቶ መሞቱን የሚገልጽ ነው። ያ ደግሞ ምልክቱ እንጂ በሽታው አይደለም። «ስሌቱ የታለ?» ይሉ ነበር ጋሼ ቢያዩት።

አስከሬኑ ሲመረመር የጎድን አጥንቶቹ በቢላ የሚቆረጡ፣ በቀላሉ የሚሰበሩ ሆነው ተገኙ። ውስጣቸው ደም የመሰለ፣ ለስላሳ የረጋ ነገር ሞልቶታል። ጆን ዳልሪምፕል የሚባል የዓይን ቀዶ ሐኪም ይህን በማይክሮስኮፕ አይቶ ክብና ሞላላ ሕዋሳት ማየቱን ጻፈ። እነዚህ የዛሬዎቹ ፕላዝማ ሴሎች ናቸው፤ ያኔ ግን ስም አልነበራቸውም።

ቤንስ ጆንስ ምርምሩን በ1847 እና በ1848 አሳተመ። ነገሩ ምን እንደሆነ የሰጠው ማብራሪያ ዛሬ ሲታይ ስህተት ነው፤ ነገር ግን ከአጥንት መለስለስ ጋር አያይዞ ሌሎች ሐኪሞችም በተመሳሳይ ሕሙማን ላይ እንዲፈልጉት አሳሰበ። ማኪንታየር የራሱን ጽሑፍ ያወጣው በ1850 ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑ እስከ ዛሬ «ቤንስ ጆንስ ፕሮቲን» ይባላል፤ መጀመሪያ በእሳት የፈተነው ማኪንታየር ግን ብዙም አይጠራም። ታሪክ እንዲህ ነው፤ ቀድሞ ያየ ሳይሆን ቀድሞ የጻፈ ይጠራል። ፊዚክስ ለምትወዱ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ልጨምር፦ በኤሌክትሪክ ትምህርት የምታውቁትን የማይክል ፋራዴይን የሕይወት ታሪክ ጽፎ በ1870 ያሳተመው ይኸው ቤንስ ጆንስ ነው።

ከዚያስ? ከዚያ እንደ ቅብብሎሽ ሩጫ ነው። በ1873 ሩስቲትስኪ የሚባል ሐኪም «መልቲፕል ማይሎም» የሚለውን ስም አወጣ። ፕራግ ላይ ኦቶ ካህለር ለስምንት ዓመት ያህል በዚህ በሽታ የታመመ አንድ ሐኪም ታሪክን በ1889 ጻፈ፤ የአጥንት ሕመሙን፣ መጉበጡን፣ የሽንቱን ፕሮቲንና የደሙን ማነስ በአንድ ላይ አስቀመጠ። እስከዚያ ተበታትነው የነበሩት ምልክቶች የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው በደንብ መታየት ጀመረ። በ1900 ቦስተን ላይ ጄምስ ሆመር ራይት በማይሎማ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ፕላዝማ ሴሎች መሆናቸውን አሳየ።

ነገር ግን በሕይወት ያለ ሰው መቅኔ እንዴት ይታያል? በ1929 ሚካኤል አሪንኪን የሚባል የሌኒንግራድ ሐኪም ከደረት አጥንት በመርፌ መቅኔ ስቦ የሚመረመርበትን ዘዴ አሳተመ። ዛሬ መቅኔ የሚቀዳው ባብዛኛው ከዳሌ አጥንት ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ጋሼም ያለፉበት ምርመራ ይህ ነው። «ካሬ ሥር ከማውጣት አይከብድም» ብለው ቀልደው ነበር፤ በኋላ ግን እንዳመማቸው ነገሩኝ።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የደምን ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል መለየት ተቻለ። የጤነኛ ሰው ሰፋ ያለ ኮረብታ ይመስላል፤ የማይሎማ ሕመምተኛ ግን አንድ ቀጭን፣ ረጅም ጫፍ ያወጣል። ለምን? ፕላዝማ ሴል የሰውነት ወታደር ነው ማለት ይቻላል፤ ሥራው አንቲቦዲ ማምረት ነው። ጤነኞቹ ብዙ ዓይነት ያመርታሉ። ከአንዷ የታመመች ሕዋስ የተባዙት ሁሉ ግን ያንኑ አንድ ዓይነት ያመርታሉ። በ1962 ጄራልድ ኤደልማንና ጆሴፍ ጋሊ የቤንስ ጆንስ ፕሮቲን የዚያው አንቲቦዲ ቀላሉ ቁራጭ መሆኑን አረጋገጡ። የዋትሰን ጥያቄ ሙሉ መልስ ያገኘው ከ117 ዓመት በኋላ ነው!

እሺ ቲቸር፣ ደሙ ታዲያ ለምን ያንሳል? ጥሩ ጥያቄ። አራት መንገድ አለው።

አንደኛ፣ የታመሙት ሕዋሳት መቅኔውን ሲሞሉት ደም የሚሠሩት ቦታ ያጣሉ፤ አረም የወረሰው ማሳ በሉት። ሁለተኛ፣ መቅኔን ደም ሥራ ብሎ የሚያዘው ኤሪትሮፖየቲን የሚባል ሆርሞን ከኩላሊት ነው የሚመጣው፤ ቤንስ ጆንስ ፕሮቲን ኩላሊትን ሲደፍነው ትእዛዙ ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ በሽታው በሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች ምክንያት ሰውነት ያለውን ብረት ጎተራ ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል። አራተኛ፣ የተትረፈረፈው ፕሮቲን ውኃ ስቦ ደሙን ያቀጥነዋል።

ሦስተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። ብረቱ አልጠፋም፤ ተቆልፎበታል። ጎተራው ለተቆለፈበት ሰው እህል ተሸክሞ መሄድ ምን ይጠቅመዋል? እኔ ጋሼን ቀይ ሥር ይብሉ ስላቸው የነበረው እንደዚያ ነው።

ሕክምናውም የራሱ ታሪክ አለው፤ እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። በ1947 ኒልስ አልዋል የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም ዩሬቴን የተባለ መድኃኒት ለአንድ ሕመምተኛ ሰጥቶ ሄሞግሎቢኑ ከፍ አለ፣ መቅኔው ውስጥ ያሉት ፕላዝማ ሴሎችም ቀነሱ። ዓለም ተደሰተ። ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዩሬቴን ሲታዘዝ ቆየ። በ1966 ግን አሜሪካ ውስጥ 83 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ዩሬቴን፣ ገሚሶቹ የቼሪና የኮላ ጣዕም ያለው ተራ ሽሮፕ እንደተሰጣቸው የሚገልጽ ጥናት ወጣ። ውጤቱስ? ዩሬቴን ምንም ብልጫ አልነበረውም። እንዲያውም ዩሬቴን የወሰዱት ዕድሜያቸው አጠረ።

የማክቢን ብረት፣ የአልዋል ዩሬቴን፤ ሁለቱም «ሰጠነው፣ ተሻለው፣ ስለዚህ ሠራ» በሚል ሒሳብ የቆሙ ናቸው። መልስ አለ፣ ስሌት የለም።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ምንጩን ሲነኩት ነው። በ1958 የሶቪየቱ ኒኮላይ ብሎኪን፣ በ1962 ደግሞ ዳንኤል በርግሳግል ዛሬ ሜልፋላን የምንለው መድኃኒት እንደሚሠራ አሳዩ። በኋላ ከፍ ባለ መጠን ሰጥቶ የሕመምተኛውን የራሱን ስቴም ሴል መልሶ መስጠት መጣ። በ1990 ቪየና የነበሩ ሐኪሞች በላብራቶሪ የተሠራ ኤሪትሮፖየቲን የማይሎማ ሕመምተኞችን ደም ከፍ እንደሚያደርግ ጻፉ። በጽንስ ላይ ባደረሰው ጉዳት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከገበያ የተነሳው ታሊዶማይድ በ1999 ለማይሎማ እንደሚጠቅም ታወቀ። ቦርቴዞሚብ በ2003 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዛሬም ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚድን በሽታ አይደለም፤ ግን ቀድሞ ከተደረሰበት ዓመታትን የሚያስጨምር ሕክምና አለው። የታመሙት ሕዋሳት ሲቀንሱ ደምም በአብዛኛው ራሱ ከፍ ይላል። ለደም ማነሱ ዋናው መድኃኒት የበሽታውን ሥር ማከም ነው።

ጋሼ ሕክምናውን ከጀመሩ በኋላ ፊታቸው ላይ ደም ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት መጥተው ደረጃውን ሳይቆሙ ወጡ። እላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «ተመልከት፣ አልቆምኩም!» አሉኝ። ሦስት ዓመት ኖሩ። የልጃቸውን ሠርግ አዩ። በመጨረሻ ያሸነፋቸው ኩላሊታቸው ነው፤ ያ በቀይ ሥርና በኪኒን ያለፍናቸው ወራት የጎዳቸው ኩላሊት። ያ ጊዜ ባይባክን ምን ይሆን ነበር ብዬ አሁንም አስባለሁ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ማንንም ለማስፈራራትም አይደለም። ደም ያነሰው ሰው ሁሉ ማይሎማ አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ደም ማነስ ሌላ፣ በቀላሉ የሚታከም ምክንያት አለው። የታዘዘላችሁን አይረንም ይህን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ፤ አደራ!

የምለው ይህን ብቻ ነው። «ደም ማነስ» የበሽታው ሙሉ ስም አይደለም፤ የጥያቄ መጀመሪያ ነው። በተለይ ዕድሜው የገፋ አባት ወይም እናት ደም አንሷቸው፣ ኪኒን እየወሰዱ ካልጨመረላቸው፣ ወይም የማይለቅ የወገብና የአጥንት ሕመም፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት ችግር አብሮ ካለ፣ ሐኪሙን በአክብሮት ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ምክንያቱ ምንድን ነው?» ጥያቄው ነውር አይደለም። ስመ ጥሩ ዋትሰንም ጠይቋል። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

ጋሼ ነፍስዎን ይማር። ስሌቱን ዘግይቼም ቢሆን ሠርቻለሁ።

የጋሼ ተማሪዎች የነበራችሁ፣ የምታስታውሱትን ነገር ከሥር ጻፉልን፤ ልጆቻቸው ያነቡታል። እናት አባት ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውሉና «እንዴት ናችሁ፣ ድካሙ እንዴት ነው?» በሏቸው።

ቸር ያሰንብተን።